ያገለገለ ቫን ልገዛ ነው፤ ናፍጣ ይሻለኛል ወይስ ቤንዚን?

ማቀዝቀዣ ጠጋኙ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሥራዬ ማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ ማሽን መጠገን ነው። እስካሁን የምንቀሳቀሰው በትንሽ የቤት መኪና ነበር። አሁን ሥራው ስለሰፋ ማቀዝቀዣ ከደንበኛ ቤት ወደ ጥገና ቦታዬ ማመላለስ ግድ ሆኖብኛል። ማቀዝቀዣ ተጋድሞ ሲጫን የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ስለሚፈስ ቆሞ መሄድ አለበት፤ ስለዚህ ጣሪያው ከፍ ያለ ቫን ያስፈልገኛል።

ሁለት ቫኖች አይቻለሁ። አንደኛው ባለ 2.2 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተሠራና 190,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ነው። ሁለተኛው ባለ 2.7 ሊትር ቤንዚን ሲሆን የ2011 ምርት ነው፤ 130,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። የተጠየቀባቸው ዋጋ ተቀራራቢ ነው።

ውሎዬን ልንገራችሁ። ጠዋት ወጥቼ ከደንበኛ ወደ ደንበኛ እዞራለሁ። ከአንዱ እስከ ሌላው ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በደረስኩበት ሁሉ ሞተር አጥፍቼ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እቆያለሁ። የምጭነው መሣሪያና መለዋወጫ ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ማሽን። ከከተማ የምወጣው ዕቃ ለማምጣት ብቻ ነው። በዓመት ከ12,000 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ አይመስለኝም።

የጠየቅኳቸው ሁሉ «የሥራ መኪና ናፍጣ ነው» ይሉኛል። ለምን ስል «ጠንካራ ነው፣ ነዳጅ አይበላም» ከማለት አያልፉም። የማወጣው ገንዘብ ለዓመታት ያጠራቀምኩት ስለሆነ ምክንያቱን ገብቶኝ ብገዛ ደስ ይለኛል። ሁለቱንም በእጃችሁ የያዛችሁ ሰዎች ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

ባለ ረጅም መንገዷ፦

ወንድሜ፣ እኔ የመድረክ መብራትና የድምፅ ማጉያ ከከተማ ከተማ እጭናለሁ፤ መኪናዬ ሞልቶ ነው የሚወጣው፣ ሞልቶ ነው የሚመለሰው። ለእንዲህ ያለው ሥራ ናፍጣን የሚተካ የለም። ዳገት ላይ ሙሉ ጭነት ይዞ ሲወጣ ሞተሩ አይጮህም፣ ማርሽ ቶሎ ቶሎ አያስቀይርም።

ነገሩ የፈረስ ጉልበት ብቻ አይደለም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የወጣውን የቶዮታ ሃይስ ትውልድ ተመልከት። ባለ 2.7 ሊትሩ የቤንዚን ሞተር ወደ 240 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ የመጎተት ኃይል ይሰጣል፤ ያንን የሚያገኘው ግን በደቂቃ 3,800 ዙር አካባቢ ሲደርስ ነው። ባለ 3 ሊትሩ ናፍጣ 300 ኒውተን ሜትሩን ከ1,200 ዙር ጀምሮ ይዞ ይነሳል። በፈረስ ጉልበት ቤንዚኑ ይበልጣል፣ ዳገት ላይ ግን ናፍጣው ይቀድመዋል። ልዩነቱን የምታውቀው ጭነህ ስትወጣ ነው።

ደግሞም አንዴ ሞልቼ ረጅም እሄዳለሁ፤ ማደያ ፍለጋ መንገድ አልቀይርም። አንተ የጻፍከው ውሎ ግን ከእኔ ውሎ የተለየ ስለሆነ፣ በአንተ ቦታ ብሆን የትኛውን እንደምመርጥ እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። ፖምፓ የሚሠሩ ሰዎች ቢመልሱልህ ይሻላል።

ፖምፓና ኖዝል ሠሪው፦

ወንድሜ፣ መልሱ ራስህ በጻፍከው ውሎ ውስጥ አለ። ብዙ ሰው የመኪናውን ዓይነት ይነግረናል እንጂ እንዴት እንደሚውል አይነግረንም። በአንተ አዋዋል ቤንዚኑን ግዛ። ይህን የምልህ ናፍጣን ለማጣጣል አይደለም፤ እንጀራዬ እሱ ነው፣ ልጆቼን ያሳደግኩት ፖምፓና ኖዝል፣ ማለትም ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋውንና የሚረጨውን ዕቃ፣ እያደስኩ ነው።

መጀመሪያ «ጠንካራ ነው» ስለሚሉት ነገር። የቤንዚን ሞተር አየሩንና ነዳጁን ደባልቆ ወደ አንድ አሥረኛ ያህል ይጨምቀውና በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥለዋል። ናፍጣ ግን አየሩን ብቻ ነው የሚጨምቀው፤ እንደ ሞተሩ ዘመን ከ16 እስከ 22 እጥፍ። አየሩ በመጨመቁ ብቻ ይግላል፣ ከዚያ ነዳጁ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ያን ሁሉ ግፊት እንዲችል ብሎኩም፣ ፒስቶኑም፣ ክራንክ ሻፍቱም ወፍራም ሆነው ይሠራሉ። የድሮው ናፍጣ ከዚህ በላይ ብዙ ነገር አልነበረውም። ፖምፓው በጥርስ ወይም በቺንጋ የሚዞር ነው፣ ኮምፒውተር የለም፣ ብዙዎቹ አየር በግፊት የሚያስገባው ቱርቦም የላቸውም። ሰው ሁሉ «ናፍጣ አይሞትም» ያለው በእነዚያ ሞተሮች ነው፤ እውነትም አይሞቱም ነበር።

አንተ ያየኸው የ2013 ሞተር ግን ሌላ ትውልድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮመን ሬይል የሚባለው አሠራር መጣ። ነዳጁ በአንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ይጠራቀምና ኮምፒውተር በሚያዛቸው ኢንጀክተሮች ይረጫል። አንተ ባየኸው ናፍጣ ዘመን በተሠሩ ሞተሮች ግፊቱ 1,600 ባር እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። የተጫነ ቫን ጎማ ውስጥ ያለው አየር ከ4 ባር ብዙም አይርቅም፤ ከዚያ ተነስተህ አስበው። ይህን ግፊት ለመያዝ በኢንጀክተሩ ውስጥ ያሉት ክፍሎች እርስ በርሳቸው የሚገናኙት በሺኛ ሚሊ ሜትር በሚለካ ክፍተት ነው። ከነዳጁ ጋር ጥቂት ውኃ ወይም ዓይን የማያየው አቧራ ከገባ ያ ክፍተት ይፋቃል። የሞተሩ ታችኛው ክፍል ዛሬም ጠንካራ ነው። የሚያስቸግረው ዙሪያውን የተሰቀለበት ነገር ነው፦ ፖምፓው፣ ኢንጀክተሮቹ፣ ቱርቦው፣ ጭስ መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቫልቭ፣ በብዙዎቹ ላይ ድርብ የሆነው ቮላኖ (ከፍሪሲዮኑ ጋር የሚገናኘው ከባድ ተሽከርካሪ ብረት)፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጥላሸት ማጣሪያው።

ማጣሪያው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ያንተ ጉዳይ እዚያ ስለሆነ። ዩሮ 5 የሚባለው የጭስ ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ተግባራዊ ሲሆን፣ በዚያ ደረጃ የተሠሩ የናፍጣ ቫኖች ማርሚታቸው ላይ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው ጥላሸቱን ያጠራቅማል፣ ሲሞላ ደግሞ ማቃጠል አለበት። ለማቃጠል ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። አውራ ጎዳና ላይ የሚሄድ መኪና ይህን ባለቤቱ ሳያውቀው ይፈጽመዋል። ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ናፍጣ ይረጫል፣ ጭሱ ይግላል፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ማጣሪያው ይጸዳል።

አንተ ግን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ነድተህ ታጠፋዋለህ። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በቁጠባ ስለሚጠቀም የሚያባክነው ሙቀት ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ አይሞቅም። ማቃጠሉን ሲጀምር አንተ ደንበኛህ በር ላይ ደርሰሃል። አጥፍተህ ትወርዳለህ፤ በሚቀጥለው ጉዞ እንደገና ይጀምራል፣ እንደገና ታቋርጠዋለህ። ተጨማሪ ሆኖ የተረጨው ናፍጣ ሳይቃጠል ሲቀር የሲሊንደሩን ግድግዳ ይዞ በፒስቶኑ ፋሻዎች በኩል ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል።

ይህ ሲሆን ምን እንደሚመስል ላሳይህ። መልእክትና ጥቅል በከተማ ውስጥ የሚያዞር አንድ ሰው ቫኑን «ጉልበት አነሰው» ብሎ ወደ እኔ አመጣ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስመዝዘው ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት ያህል አልፏል። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል አሸሁት፤ ልስልስነቱ ጠፍቶ ውኃ ውኃ ይላል፣ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የናፍጣ ሽታ አለው። ባለቤቱ ዘይቱ ስለማይቀንስ ሞተሩ ጤነኛ ነው ብሎ ያምን ነበር። ቱርቦውን ፈትተን ስናየው ዘንጉ በቤቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የቀጠነው ዘይት ሊያለሰልሰው አልቻለም። ያ መኪና ክፉ መኪና አልነበረም፤ የማይስማማውን ሥራ ነው የሰጡት።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ኃይል ይዟል፣ ሞተሩም ኃይሉን የተሻለ ይጠቀምበታል። ስለዚህ «ነዳጅ አይበላም» የሚለው እውነት ነው። ግን በስንት? ለምሳሌ ናፍጣው በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር፣ ቤንዚኑ 12 ሊትር ይወስዳል እንበል። በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ልዩነቱ 360 ሊትር ነው። 40,000 ኪሎ ሜትር ለምትሄደው እህታችን ግን 1,200 ሊትር ይሆናል። በምትኖርበት ቦታ ያለውን የነዳጅ ዋጋ አስገባና የአንተን 360 ሊትር ከአራት ኢንጀክተሮችና ከአንድ ማጣሪያ ዋጋ ጋር አስተያየው። ለእሷ ናፍጣው ወጪውን ይመልስላታል። ለአንተ አንድ ከባድ ብልሽት የበርካታ ዓመታት ቁጠባህን ይወስደዋል።

ቤንዚኑም ያለ ችግር አይደለም። ጭነት ሲበዛበት ይጠጣል፣ የሙቀት ነገርም አይወድም፤ ውኃው ጎድሎ ከተነዳ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመምና ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል። ግን ካንዴላ፣ ኮይልና ሴንሰር ማንም መካኒክ የሚቀይራቸው ናቸው፤ ወጪያቸውም የሰው አቅም አያናጋም። ነዳጁን በመግቢያ ቱቦው ላይ የሚረጨው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከሁሉም የቀለለ ነው።

ናፍጣው ማጣሪያ የሌለው የቆየ ሞተር ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አላጠብቅም ነበር።

የመጋዘን ኃላፊው፦

ከላይ በተባለው ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንዳንድ ከተሞች በጭስ ደረጃ መኪና ይከለክላሉ ወይም ያስከፍላሉ። ለምሳሌ የለንደን ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ቤንዚንን ከዩሮ 4፣ ናፍጣን ደግሞ ከዩሮ 6 ጀምሮ ነው ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚያስገባው። የ2013 ናፍጣ ቫን በአብዛኛው ዩሮ 5 ስለሆነ እንዲህ ባለው ከተማ ያስከፍላል፤ የ2011 ቤንዚን ግን በነፃ ያልፋል። በምትሠራበት ቦታ ተመሳሳይ ደንብ መኖሩን ወይም እየመጣ መሆኑን ጠይቅ።

ሁለተኛው፣ መኪናውን ሌላ ሰው የሚነዳው ከሆነ ማደያ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ናፍጣ መኪና ላይ ቤንዚን ከተቀዳ ቁልፉን ጨርሶ አለመክፈት ነው። ፖምፓው የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፤ ቤንዚን ገብቶ ከተነሳ ብረት በብረት ይፋቃል። ሳይነሳ ታንከሩ ከተራገፈ ግን ይተርፋል።

ማቀዝቀዣ ጠጋኙ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። የናፍጣውን ሻጭ ዛሬ ስለ ማጣሪያው ጠየቅኩት። «እሱ አያሳስብህ፣ ተነቅሎ ኮምፒውተሩም ተስተካክሎለታል፤ እንዲያውም ጉልበቱ ጨምሯል» አለኝ። ይህ ነገሩን ያቀለዋል ወይስ ያባብሰዋል? ቤንዚኑን ለማየት ስሄድስ ምን ልመልከት? ሞተር ስለማላውቅ ሻጩ ያሳየኝን ብቻ አይቼ እንዳልመለስ ፈራሁ።

ፖምፓና ኖዝል ሠሪው፦

ያባብሰዋል። በብዙ አገሮች ማጣሪያ ነቅሎ መንገድ ላይ መውጣት ሕገ ወጥ ነው፣ ዓመታዊ ምርመራም ላይ ይጥልሃል። ያ ቢቀር እንኳ ማጣሪያው ለምን ተነቀለ? ስለታፈነ። ለምን ታፈነ? ወይ አጭር አጭር ሲነዳ ኖሯል፣ ወይ ኢንጀክተሮቹ ያንጠባጥባሉ፣ ወይ ቱርቦው ዘይት ያሳልፋል። ሻጩ ምልክቱን እንጂ በሽታውን አላነሳልህም። ሁለት ሦስት መኪና እያዩ ያሉ ሌሎች አንባቢዎችም ይህን ልብ ይበሉ፤ ማጣሪያ ያለው ናፍጣ ከሆነ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የማርሚታውን ጫፍ ውስጡን በጣት ጠርጉ። ጤነኛ ማጣሪያ ያለው ጣት ላይ ብዙም አይተውም። ጣት ከጠቆረ ማጣሪያው ተሰብሯል ወይም የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የናፍጣ ጭስን እ.ኤ.አ. በ2012 ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል። አንተ በሰው ግቢ፣ በሰው መስኮት ሥር ሞተር የምታስነሳ ሰው ነህ። ያን ጥላሸት የደንበኞችህ ሕፃናት እንዲስቡት አልፈልግም፤ አንተም ቀኑን ሙሉ እሱ አጠገብ ነህ።

ወደ ቤንዚኑ እንሂድ። ለሻጩ አስቀድመህ ደውልና «ሳልመጣ ሞተሩን አታስነሳው» በለው። ስትደርስ ገና ሰላምታ ሳትጨርስ መዳፍህን ሞተሩ ላይ አድርግ። ሞቆ ካገኘኸው ሌላ ቀን ተመለስ፤ ሲነሳ የሚሰማው ድምፅና የሚወጣው ጭስ ከሁሉ በላይ የሚናገረው ከቀዝቃዛ ሲነሳ ነው። ሲነሳ አንድ አፍታ የሚንኳኳ ነገር ሰምተህ ወዲያው ከጠፋ ዘይቱ እስኪደርስ ነው። ኳኳታው ከቀጠለ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ሰንሰለት ላልቶ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ በሰንሰለቱ ፈንታ ቺንጋ ያለው ከሆነ መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ጠይቅ፤ ወረቀት ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠረው።

ሳታስነሳው የራዲያተሩን ክዳን ክፈት፤ ከሞቀ በኋላ ፈጽሞ እንዳትነካው። ውኃው ላይ የዘይት ቅባት ካየህ ተሰናበተው። በዘይት መሙያው ክዳን ውስጥ ወተት የመሰለ ነገር ካየህ ግን አትቸኩል፤ አጭር አጭር የሚነዳ መኪና ላይ ከእርጥበትም ይመጣል። በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ካለ ነው ጓርኒሲዮኑ የሚጠረጠረው።

ከዚያ ንዳው፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። ቁልቁለት ፈልግና በማርሽ፣ እግርህን ከነዳጅ መስጫው አንስተህ ውረድ፤ ታች ስትደርስ ነዳጅ ስጥና በመስተዋት ወደ ኋላ ተመልከት። ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ካለ በቫልቮቹ በኩል ዘይት ይገባል። ያ ዋጋ የሚያስቀንስ እንጂ የግድ የሚያስቀር አይደለም። በከፍተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጥ የሞተሩ ድምፅ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ስትመለስ ሳታጠፋው የራዲያተሩ ማራገቢያ ሥራውን እስኪሠራ ጠብቅ፣ የሙቀት መለኪያውን እያየህ።

መመርመሪያ ኮምፒውተር ያለው መካኒክ ይዘህ ብትሄድ ጥሩ ነው። የብልሽት ኮድ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ሙከራዎች ተጠናቀው እንደሆነ ያንብብልህ። ኮድ የለም፣ ነገር ግን ሙከራዎቹ አልተጠናቀቁም ካለ፣ አንድ ሰው በቅርቡ ኮዱን አጥፍቶታል ወይም ባትሪ ነቅሏል ማለት ነው። ካንዴላዎቹንም ያውጣልህ፤ አራቱም ተመሳሳይ ቀለም ሊኖራቸው ይገባል፣ አንዱ ብቻ በዘይት ከረጠበ ያ ሲሊንደር ችግር አለበት።

የ130,000 ኪሎ ሜትሩን ነገር ደግሞ በዓይንህ መስክር። የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫው ጎማ ተፍቆ ብረቱ ከታየ፣ የሾፌሩ ወንበር ጎን ከተቦጨቀ፣ መሪው ከለሰለሰ፣ ቁጥሩ ዋሽቷል።

ባለ ረጅም መንገዷ፦

ወንድሜ፣ ስትሞክረው ባዶውን አትንዳው። ቢቻል የምትጭነውን ያህል ክብደት ጫንበት። የቤንዚን ሞተር ላይ ዳገት ሲመጣ ማርሹን ቀድሞ መቀነስና ዙሩን ከፍ አድርጎ መያዝ ነው። ከናፍጣ የመጣ ሰው ሞተሩ ሲጮህ ይሳሳለታል፤ ግን በዚያ ዙር እንዲሠራ ነው የተፈጠረው።

ማቀዝቀዣ ጠጋኙ፦

እህቴ፣ አመሰግናለሁ። አንድ የተጠገነ ማቀዝቀዣና ሁለት የማጠቢያ ማሽን ጭኜ እሞክረዋለሁ። ለሻጩ ሞተሩን እንዳያስነሳው ነግሬው ተስማምቷል፤ ቅዳሜ ጠዋት ከመካኒክ ጋር እሄዳለሁ። ጋሼ፣ ከገዛሁት በመጀመሪያ ምን ላስቀይር?

ፖምፓና ኖዝል ሠሪው፦

የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የአየር ፊልትሮ፣ የራዲያተር ውኃ ከነማቀዝቀዣ ፈሳሹ። የፍሬን ዘይቱንም፣ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ከሌለ። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ግን አስታውሰህ ራስህ አስቀይር፤ ብዙ ሻጭ ከሞተር ዘይት በቀር ሌላ አይነካም። የዲፈረንሻሉን ዘይት ስታፈስ የማፍሰሻው ቡሽ ማግኔት ካለው ተመልከተው። በላዩ ላይ ደቃቅ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ደህና ነው፤ የብረት ስብርባሪ ካገኘህ ፎቶ አንስተህ እዚህ ላክልኝ።